ለቤት ኔትወርክ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻላል? ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት መሆን አለበት?

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን፣ ቤታችን ያሉትን ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ አገናኝተን ፋይልና ፕሪንተር በጋራ ለመጠቀም አስበናል። ከዚያ በፊት ግን በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጉዳይ ላይ መወሰን ስላለብን፣ ልምድ ያላችሁን ሰዎች ምክር ለመጠየቅ ወደድሁ።

እኔ ቤት ሆኜ ለትንንሽ ድርጅቶች የሂሳብ መዝገብ እይዛለሁ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ፣ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ሲሆን፣ ዊንዶውስ 10 እና ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ተጭነውበታል። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ፈተናና ማስታወሻ በአማርኛ የሚያዘጋጅበት ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ይዞ የመጣ ነው። ልጆቻችን የሚጠቀሙበት ደግሞ ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከእነዚህ ሌላ ስክሪኑ ስለተሰነጠቀ ያስቀመጥነው አምስተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ላፕቶፕ አለን፤ ባትሪው አሁንም ጥሩ ይይዛል።

አንድ ባለሙያ ሁሉንም በክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ በሚያነቃ ፕሮግራም፣ ወደ ዊንዶውስ 11 እንድንቀይር መከረን። ሌላው ደግሞ ሁሉንም ወደ ሊኑክስ ብትወስዱ ከቫይረስም ከወጪም ትድናላችሁ አለን። በሰፈራችን መብራት ሄድ መጣ ስለሚል የሰዎች ሂሳብ እንዳይጠፋብኝ እሰጋለሁ፤ ኢንተርኔቱንም አራት ሰው ስለሚጋራው በየማሽኑ የሚወርደው ማሻሻያ ሲያጨናንቀው ይታያል። የፍላሽ ቫይረስ ከትምህርት ቤትና ከፎቶ ኮፒ ቤት መምጣቱን አላቋረጠም። እናንተ በእኛ ቦታ ብትሆኑ ምን ትመርጡ ነበር?

መልስ፦ ኔትወርክ ዘርጊ፣ ከየካ አባዶ

ጤና ይስጥልኝ። ሁኔታውን በዝርዝር ስላስቀመጡት ምክር ለመስጠት ይመቻል። በእኔ እምነት «ለቤቱ የትኛው ይሻላል» ብሎ አንድ ስም መፈለጉ መነሻው ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም ኔትወርኩ ኮምፒውተሮቹ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አይጠይቅም። ፋይል ለመጋራት የሚያገለግለውን ኤስኤምቢ የተባለ ፕሮቶኮል ዊንዶውስም፣ ሊኑክስም፣ ማክም ያውቁታል። በሊኑክስ በኩል ይህን የሚሠራው ሳምባ የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሲሻሻል የኖረ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሊወስኑ የሚገባዎት የቤተሰቡ ፋይል በየትኛው ማሽን ላይ እንደሚቀመጥ ነው፤ የቀሩት ማሽኖች እያንዳንዱ ሰው ለሥራው በሚያስፈልገው ፕሮግራም ይወሰናሉ።

ፋይሉ የሚቀመጥበት ማሽን ቀንና ሌሊት የሚሠራ፣ መብራት ሲሄድ በሥርዓት የሚዘጋ፣ ማንም ጨዋታ የማይጭንበትና ከውጭ የመጣ ፍላሽ የማይሰካበት መሆን ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ ካሉዎት ዕቃዎች ሁሉ የሚሻለው ያ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ሳይገዙ የዩፒኤስን ሥራ ይሠራልዎታል፣ የሚወስደው ኃይልም ከዴስክቶፕ በጣም ያነሰ ነው። በእሱ ላይ ዴቢያን 13 የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ያለ ግራፊክ ገጽ እንዲጭኑ እመክራለሁ። ይህ እትም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ የሦስት ዓመቱ መደበኛ ድጋፍና ተከትሎት የሚመጣው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ሲደመሩ ለአምስት ዓመት ያህል የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። የሚወርደው ማሻሻያ መጠኑ አነስተኛ ነው፤ በሥራ መሐል ማሽኑን አጥፍቶ የማስነሳት ልማድም የለውም። ከተጫነ በኋላ ስክሪን ስለማያስፈልገው ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት ትእዛዝ መስጫ) ያስተዳድሩታል፤ ለመጫኑ ጊዜ ብቻ ቴሌቪዥን ወይም ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ያገናኙለት። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ፣ ባትሪውም ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ ያስተካክሉት። በአንዳንድ ሞዴሎች ባዮስ ላይ የኃይል ገመዱ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ካለው ያብሩት። ባትሪው ማበጥ ከጀመረ ግን በዚያው ቀን አውጥተው ማስወገድ አለብዎት፤ በዚህ ላይ ቸልተኝነት አያስፈልግም።

የፋይሉ ዲስክ ኤክስት 4 በተባለው የፋይል ሥርዓት ፎርማት ይደረግ። ከሱቅ የሚገዙ ውጫዊ ዲስኮች ብዙ ጊዜ በኤክስፋት ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ኤክስፋት ደግሞ ጆርናል የለውም። ጆርናል ማለት ሲስተሙ ሊለውጥ ያሰበውን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ቦታ ነው፤ ኃይል በመጻፍ መሐል ሲቋረጥ የዲስኩ አደረጃጀት ወደ ትክክለኛ ሁኔታው የሚመለሰው በዚህ መዝገብ አማካይነት ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ልዩነት ከሌላው ሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ነው።

ስለ ክራኩ የምለው አጭር ነው፤ አይቀበሉት። እነዚህ ማንቀሳቀሻ ፕሮግራሞች ገና ሲጀምሩ አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ፣ ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስጡኝ ብለው ይጠይቃሉ፤ የደንበኞችን ሂሳብ በያዘ ኮምፒውተር ላይ ምንነቱ ለማይታወቅ ፕሮግራም ይህን ሥልጣን መስጠት ተገቢ አይደለም። በዚያ ላይ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም፤ በይፋ የሚፈቀደው በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለውንም የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። እንደ ሩፉስ ባለ መሣሪያ ይህን ቁጥጥር አልፎ መጫን ይቻላል፤ ሆኖም ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫኑ ማሽኖች ማሻሻያ ለመስጠት ዋስትና አይገባም። የልጆቹ ኮር 2 ዱዎ ደግሞ የቅርቦቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች የሚጠይቁት ትእዛዝ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሌለ ጨርሶ አይነሳም።

መልስ፦ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ከለቡ

ከላይ የጻፉት ወንድም ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂዋ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። የፒችትሪን ዳታ ወደ ሊኑክስ ሰርቨሩ፣ ማለትም የቤተሰቡ ፋይል ወደሚቀመጥበት ማሽን፣ አይውሰዱት። ፒችትሪ ዳታውን የሚያስተዳድረው ፐርቫሲቭ በተባለ የዳታቤዝ ሞተር በኩል ሲሆን፣ ያ ሞተር ዳታው ባለበት የዊንዶውስ ማሽን ላይ እየሠራ እንዲገኝ ይፈለጋል። የድርጅቱን ፎልደር በሳምባ አጋርተው በኔትወርክ ቢከፍቱት አንዳንድ ጊዜ የሚሠራ ይመስላል፤ ኔትወርኩ በመመዝገብ ላይ ሳሉ ለአፍታ ቢቋረጥ ግን ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፒችትሪና ዳታው እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ይቆዩ፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው በየዕለቱ ሥራ ሲያበቃ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያዘጋጀው የባክአፕ ፋይል ይሁን። ፋይሉን በድርጅቱ ስምና በቀኑ ይሰይሙት፤ በትናንቱ ላይ ደርበው አያስቀምጡት፤ ስህተት አንዳንዴ ከብዙ ቀን በኋላ ነው የሚታወቀው።

ይህ ማለት ዴስክቶፑ ዊንዶውስ እንደሆነ ይቀጥላል ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለግል ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ ደግሞ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. እንደሚቆይ ተገልጿል። በዚህ ተመዝግበው ጊዜ ይግዙና፣ እስከዚያ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የሆነ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይፈልጉ። የሚጠቀሙት የፒችትሪ እትም የቆየ ከሆነ በአዲሱ ማሽን ላይ መሥራቱን በናሙና ድርጅት አረጋግጠው ብቻ ያዛውሩ፤ አሮጌውንም ቢያንስ አንድ የሂሳብ መዝጊያ እስኪያልፍ አያስወግዱት።

ለዴስክቶፑ ዩፒኤስ መግዛት ግዴታ ነው፤ ሲገዙም የዩኤስቢ ገመድ ያለውን ይምረጡ። ዊንዶውስ በገመዱ በኩል እንደ ላፕቶፕ ባትሪ አድርጎ ስለሚያየው፣ እርስዎ ባይኖሩም ኃይሉ ሲያንስ ማሽኑን ራሱ ይዘጋዋል። ሌላው ብዙዎች የማያስተውሉት የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ናት፤ ሲአር 2032 የምትባለዋ። በእነዚህ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ አልቃ ትገኛለች። እሷ ካለቀች መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፒችትሪ ደግሞ ቀን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ስለሆነ ደረሰኝ በተሳሳተ ወር ሊመዘገብ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ድረ ገጾችም ደህንነቱ አልተረጋገጠም እያሉ አልከፈትም ይላሉ፤ ሰው ግን ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስለዋል። ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ዛሬውኑ ይቀይሯት።

መልስ፦ የአይሲቲ መምህር፣ ከሰበታ

ስለ ልጆቹ ላፕቶፕና ስለ አማርኛው ጽሑፍ ልጨምር፤ ሁለቱም የየዕለት ሥራዬ ናቸው።

ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ ለግል ተጠቃሚዎች መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ የለውም፤ ልጆች ኢንተርኔት በሚያስሱበት ማሽን ላይ ሊቆይ አይገባም። በእሱ ምትክ ሊኑክስ ሚንት 22ን ኤክስኤፍሲኢ ከተባለው ቀላል ገጽ ጋር ይጫኑ፤ ድጋፉ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይዘልቃል። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፣ 4 ጊጋባይት ደግሞ የሚመከረው መጠን ነው፤ ስለዚህ በልኩ ነው። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥተው አነስተኛ ኤስኤስዲ ያስገቡለት፤ በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ዲስኩን መቀየር ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ምርጫው የበለጠ ፍጥነት ያመጣል። ብዙ የብራውዘር ገጽ በአንድ ጊዜ መክፈት ግን ራሙን ይጨርሰዋልና ልጆቹ ይህን ይወቁት።

ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ሾርትከት ቫይረስ በተመለከተ፣ ይህ ቫይረስ የፍላሹን ፎልደሮች ደብቆ በምትካቸው የዊንዶውስ ማስፈጸሚያ የሚጠራ ሾርትከት ያስቀምጣል፤ በሊኑክስ ላይ ያ ማስፈጸሚያ አይነሳም፣ የተደበቁት ፎልደሮችም በግልጽ ይታያሉ። በቤታችሁ ደንብ አድርጉት፤ ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሁሉ በቅድሚያ በልጆቹ ላፕቶፕ ይከፈት፣ የሚፈለገው ፋይል ብቻ በኔትወርኩ ወደ ሰርቨሩ ይሂድ። ፋይሉ ራሱ በቫይረስ የተበከለ ከሆነ ግን ሊኑክስ አያጸዳውምና፣ በዊንዶውሶቹ ላይ ያለው አንቲቫይረስ ሥራውን መቀጠል አለበት።

ባለቤትዎ ባለበት ዊንዶውስ 11 ላይ ይቆይ። አስፈላጊው የአማርኛው ጽሑፍ በዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በሚጋራው የፊደል ኮድ፣ መሆኑ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዡዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፈተናዎች አሁንም በየትምህርት ቤቱ ይዞራሉ፤ እነዚህ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆነው ይታያሉ። ችግሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚፈታው አይደለም፤ ከዊንዶውስ ወደ ዊንዶውስም ይከሰታል። የድሮዎቹን እንዳሉ ለማየት ፎንቱን በሊኑክሱም ላይ መጫን ይቻላል፤ አዲስ የሚጻፈው ግን በኪይማን ወይም በሌላ የዩኒኮድ ኪቦርድ ይጻፍ። ኪይማን በነጻ የሚገኝ ሲሆን በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ በሊኑክስ ላይ አይባስ የተባለውም የአማርኛ አጻጻፍ አለው። ፈተናው ለኅትመት ሲሄድ ደግሞ በፒዲኤፍ ይላክ፤ የዎርድ ፋይል ሊብሬኦፊስ በተባለው ነጻ የጽሑፍ ፕሮግራም ሲከፈት የገጹ አቀማመጥ ሊዛነፍ ይችላል፣ በፈተና ወረቀት ላይ ደግሞ የአንድ መስመር መዛነፍ እንኳ ጥያቄን ከምርጫው ይለያል።

አንድ ነገር ከልቤ እመክራለሁ። ሰርቨሩ ሥራ ሲጀምር ኪዊክስን ይጫኑበት። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት በቤት ኔትወርክ በብራውዘር እንዲነበብ ያደርጋል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ቅጂ ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በቤት መስመር ማውረዱ ያስቸግራል፤ ያለው ሰው ካገኙ ከዲስኩ ይቅዱ፤ ፈቃዱ መቅዳትን አይከለክልም። ያለ ሥዕል የተዘጋጁና ለተማሪዎች የተመረጡ አነስተኛ ቅጂዎችም አሉ። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን ተማሪ መጽሐፍ እንዳለው ሲሰማው ማየት ትልቅ ነገር ነው።

መልስ፦ ከለገጣፎ

ሁላችሁም ስለ ሊኑክስ ሰርቨር በመልካም ጎኑ ተናግራችኋል፤ ዕውቀቱ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ግን ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? በየሰፈሩ ያለው ጠጋኝ ዊንዶውስ ያውቃል፤ ዴቢያንን ያለ ግራፊክ ገጽ የሚያስተካክል ግን በቀላሉ አይገኝም። ዊንዶውስ ፎልደር ማጋራት ራሱ ይችላል፤ ሆምግሩፕ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2018 ቢወገድም ተራው የፎልደር ማጋሪያ እንዳለ ነው፣ የሆም እትሙም እስከ 20 ግንኙነት ይቀበላል። ለአራት ሰው ቤት ይህ ይበቃል የሚል አስተያየት አለኝ። ጠያቂዋ ሰርቨሩን ከመረጡ ግን ቢያንስ ኦፕንሚዲያቮልትን ይዩት፤ በዴቢያን ላይ የተሠራ ሆኖ ሁሉንም ነገር በብራውዘር ገጽ እየነኩ ማስተካከል ያስችላል።

መልስ፦ ኔትወርክ ዘርጊ፣ ከየካ አባዶ

የለገጣፎው ወንድም ያነሱት ተገቢ ነው፤ ኦፕንሚዲያቮልት የሚለውንም ሐሳብ ከእኔ ምክር ይልቅ ለጠያቂዋ ቤት የሚስማማ አድርጌ ተቀብዬዋለሁ። የማልስማማው ዴስክቶፑ የሥራ ማሽንም ሰርቨርም ይሁን በሚለው ነው። ጠያቂዋ ሂሳብ ሲዘጉ ልጆቹ በዚያው ማሽን ላይ ፋይል ይጽፋሉ፤ ማሽኑ በማሻሻያ ምክንያት ሲነሳ ሁሉም ይቋረጣሉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተሰራጨው በኤስኤምቢ የመጀመሪያ እትም ላይ በነበረ ክፍተት ነበር። ስለዚህ አሮጌ ፕሪንተር ወይም ስካነር ለማስሠራት ብሎ ማንም ሰው ያንን እትም መልሶ እንዳያበራ።

እንዲህ ያለ ቫይረስ አንዱን ዊንዶውስ ከያዘ፣ ያ ዊንዶውስ መጻፍ የሚችልበትን የተጋራ ፎልደር ሁሉ ይቆልፋል፤ ፎልደሩ በሊኑክስ ላይ መሆኑ አያድነውም። የሚያድነው ሰርቨሩ በየሌሊቱ ከተጋራው ፎልደር ወደ ሁለተኛ ዲስክ የየዕለቱን ቅጂ ለይቶ ማስቀመጡና፣ ያ ዲስክ ለማንም ዊንዶውስ አለመታየቱ ነው። ሰርቨሩን ለብቻው ማድረግ ያስፈለገበት ዋና ምክንያትም ይህ ነው። ሦስተኛ ቅጂ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ተቆልፎ በዘመድ ቤት ቢቀመጥ ስርቆትና እሳትንም ይሸፍናል።

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ዴስክቶፑን በዊንዶውስ 10 ከተራዘመው ማሻሻያ ጋር ለማቆየት፣ የባለቤቴን እንዳለ ለመተው፣ ለልጆቹ ሚንትን ለመጫን፣ ባለ ስንጥቅ ስክሪኑን ላፕቶፕ ደግሞ በኦፕንሚዲያቮልት ሰርቨር ለማድረግ ወስነናል። የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ «አልተገኘም» የሚለው ለምንድን ነው? ሰርቨሩም እንዲሁ ይጠፋብን ይሆን? ማሻሻያ ኢንተርኔቱን ስለሚያጨናንቀውስ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ኔትወርክ ዘርጊ፣ ከየካ አባዶ

ፕሪንተሩ የሚጠፋው አድራሻው ስለሚቀየር ነው። መብራት ሲመለስ ዕቃዎቹ በተለያየ ቅደም ተከተል ስለሚነሱ ራውተሩ ትናንት ለፕሪንተሩ የሰጠውን የአይፒ አድራሻ ዛሬ ለስልክ ሊሰጠው ይችላል። ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገብተው አድራሻ በሚያድለው የዲኤችሲፒ ክፍል ለፕሪንተሩና ለሰርቨሩ በማክ አድራሻቸው (በየዕቃው የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ቋሚ አይፒ ያስይዙላቸው፤ ከዚያ በኋላ አይጠፉብዎትም። ራውተሩ ራሱ ከጠፋ ግን የሰርቨሩ ባትሪ ብቻውን ስለማይጠቅም፣ ለራውተር የሚሆን አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ ቢገዙ ጥሩ ነው፤ ቮልቱ ከራውተርዎ አዳፕተር ጋር መግጠሙን ግን ያረጋግጡ። ሰርቨሩንና ዴስክቶፑን በኬብል ያገናኙ፤ ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያስተላልፋል፣ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የየጎረቤቱ ዋይፋይ እርስ በርሱ ስለሚጋፋ ለትልቅ ፋይል አይታመንም።

ለማሻሻያው በሁለቱ ዊንዶውሶች ላይ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን በሚለው ክፍል ከአካባቢው ኔትወርክ ኮምፒውተሮች ብቻ እንዲቀባበሉ ያድርጉ፤ የማውረጃውን ፍጥነትም እዚያው መገደብ ይቻላል። እትሞቹ የተለያዩ ስለሆኑ ከዚህ የሚገኘው ጥቅም አሁን ትንሽ ነው፤ ሁለቱም 11 ሲሆኑ ይጨምራል። ሚንት ማሻሻያውን በሚመቻችሁ ሰዓት፣ ለምሳሌ ሌሊት፣ እንዲያወርድ ይደረጋል።

የሂሳቡን ፋይል ወደ ሰርቨሩ ከማስገባትዎ በፊት ግን የሙከራ ፋይሎች ብቻ አስቀምጠው የላፕቶፑን ገመድ ይንቀሉና ባትሪው እስኪያልቅ ይተዉት። ራሱን በሥርዓት መዝጋቱን፣ ገመዱ ሲመለስ መነሳቱን ወይም የግድ ቁልፉ መነካት እንዳለበት ይዩ። ቀጥሎ አንድ የፒችትሪ ባክአፕ ከሁለተኛው ዲስክ አውጥተው በተለየ የናሙና ድርጅት ላይ ይመልሱት። ሁለቱም ከተሳኩ እውነተኛውን ፋይል ማስገባት ይችላሉ፤ አንዱ እምቢ ካለ የታየውን መልእክት እዚሁ ይጻፉልንና አብረን እንመለከተዋለን።